ያውቁ ኖሯል? የሕፃን መቀመጫ ለምን ይላጣል?
የሕፃኑን ቆዳ የሚያቆስለው ሽንት ብቻውን አይደለም። ሽንትና ዓይነ ምድር ዳይፐር ውስጥ ሲገናኙ አሞኒያ ይፈጠራል፤ እሱም በዓይነ ምድሩ ውስጥ ያሉትን ምግብ ፈጪ ኢንዛይሞች ያነቃቃል። በእርጥበት የራሰውን ስስ ቆዳ የሚጎዱት እነዚህ ናቸው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ቶሎ የሚላጠውም ለዚህ ነው።

እናም ዋናው መድኃኒት ዳይፐሩን ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። የሕፃኑን መቀመጫ ለብ ባለ ውኃ ያጥቡት፤ ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁት፤ ለጥቂት ደቂቃም ያለ ዳይፐር ይተዉት። ከዚያ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ወይም ቫዝሊን ወፈር አድርገው ይቀቡት። ፓውደር ግን ይቅር! ብናኙ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት መቀባትም አደገኛ ነው፤ ዳይፐሩ ስለሚያፍነው መድኃኒቱ ከልክ በላይ ወደ ሰውነት ይሰርጋል።

ሽፍታው የብሽሽት እጥፋት ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ትናንሽ ነጠብጣቦች ካወጣ ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የራሱ መድኃኒት አለው። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይጎላ ስለሚችል ልብ ብለው ይዩት። በ3 ቀን ውስጥ ካልተሻለው፣ ወይም ትኩሳት ወይም መግል ካለው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።