ጥፋተኛው ኢንሱሊኑ ነው ወይስ አጃቢዎቹ?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ ጠቅላላ ሆስፒታል የተኛው የ14 ዓመቱ የስኳር ታማሚ ሊዮናርድ ቶምሰን ከበሬ ቆሽት የተዘጋጀ ኢንሱሊን ተወጋ። ስኳሩ በመጠኑ ወረደ፤ የተወጋበት ቦታ ግን አብጦ ቋጠረ። መድኃኒቱ ገና አልጠራም ነበር። ከ12 ቀን በኋላ ባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ ያጣራውን ሲወስድ ስኳሩ በደንብ ወረደለት፤ ያን መሰል እብጠትም አልታየበትም።

የኢንሱሊን አለርጂ ታሪክ በአብዛኛው የዚሁ የማጥራት ታሪክ ነው። ለ60 ዓመታት ያህል ኢንሱሊን የሚገኘው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። የአሳማው ከሰው ኢንሱሊን በ1 አሚኖ አሲድ፣ የከብቱ በ3 ብቻ ይለያል። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገር አይጠፋበትም፤ ተቀላቅሎ የሚቀረው የእንስሳ ፕሮቲን ደግሞ ይብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በባክቴሪያ የሚመረተው የሰው ዓይነት ኢንሱሊን አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ችግሩ በእጅጉ ቀነሰ። ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ዛሬ አለርጂ ሲጠረጠር ከኢንሱሊኑ ሌላ ብልቃጡ ውስጥ አብሮት ያለውም ይመረመራል። በአገራችን ብዙ ታማሚዎች ከመውጋታቸው በፊት በሁለት መዳፋቸው መሃል የሚያንከባልሉት ኤንፒኤች የተባለው ደመናማ ኢንሱሊን ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀስ ብሎ እንዲሠራ የሚያደርገው ፕሮታሚን የተባለ፣ ከወንድ ዓሣ ዘር የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ዓሣ ከስኳር መርፌ ጋር ይገናኛል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ፕሮታሚን የማይስማማው ሰው ጥርት ያለውን ኢንሱሊን ያለ ችግር ሊወስድ ይችላል። ጣጣው ግን ከቆዳ ያልፋል፤ በልብ ቀዶ ሕክምና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን ለማርከስ የሚሰጠውም ይኸው ፕሮታሚን ስለሆነ ኤንፒኤች ተጠቃሚዎች ለከባድ አለርጂ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ለቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያሻል። ዚንክ፣ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሜታክሬሶል፣ አልፎ አልፎም የክዳኑ ጎማ ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

አንዳንዱ ከመርፌው በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳክከዋል፣ ይቀላል፤ ሌላው በማግስቱ ጠጠር ያለ እብጠት ያገኛል። መላ ሰውነት ሽፍ ካለ፣ ከንፈርና ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። መቅላት ሁሉ አለርጂ አይደለም፤ የደነዘዘ መርፌና ያልደረቀ አልኮልም ቆዳ ያስቆጣሉ።

አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ማቆም አይችልም። ስለዚህ ሐኪሙ የኢንሱሊኑን ዓይነት ይቀይራል፣ የቆዳ ምርመራ ያዛል። ይህ ካልሠራ፣ አድሬናሊን በቅርብ ተዘጋጅቶ፣ ከአንድ ዩኒት አንድ ሺኛ ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ተጀምሮ በየደረጃው እየተጨመረ ሰውነት እንዲለምደው ይደረጋል።