የንቅሳት ሥራ መነሻ፦ ማሽኑ፣ መርፌውና የእጅ ልምምዱ

ንቅሳት ቀለምን በመርፌ ጫፍ ከቆዳ ውስጥ አስገብቶ እዚያው እንዲቀር የማድረግ ሥራ ነው። የሥራው ምስጢር ያለው በጥልቀቱ ላይ ነው። የሰው ቆዳ ከላይ ወደ ታች ሲታይ ሦስት ክፍል አለው። የላይኛው ስስ ሽፋን ኤፒደርሚስ ይባላል፤ ያለማቋረጥ እየተላጠ በየጥቂት ሳምንቱ ራሱን ስለሚያድስ እዚያ የተቀመጠ ቀለም አብሮ ይረግፋል። ከሥሩ ያለው ደርሚስ የደም ሥሮችና ነርቮች የሚያልፉበት፣ ጠንከር ያለና የማይላጥ ክፍል ነው። ከዚያ በታች ስቡ ይገኛል፤ እዚህ የደረሰ ቀለም በቦታው የሚይዘው ስለሌለ ወደ ጎን እየተሰራጨ ይደበዝዛል። እንግዲህ ነቃሹ የሚፈልገው ደርሚስን ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከቆዳው ገጽ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወረድ ብሎ ይገኛል። ማሽኑም፣ መርፌውም፣ የእጅ አያያዙም መርፌውን በዚህች ጠባብ ክልል ውስጥ ለማቆየት የተበጁ ናቸው።

ቀለሙ ደርሚስ ሲደርስ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ያየዋል። ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች መጥተው ቅንጣቶቹን ይውጣሉ፤ ሆኖም ሊፈጩአቸው ስለማይችሉ እንደያዟቸው ይቀመጣሉ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳተሙት፣ ቀለም የያዘው ሴል ሲሞት ቅንጣቱን ይለቃል፤ እሱን የሚተካው ሴል ደግሞ መልሶ ይውጠዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ቅብብሎሽ ነው።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ኤሌክትሪክ የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘውና ኡትዚ የተባለው፣ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አስከሬን 61 ንቅሳት አለው። በሰሜን ኢትዮጵያም ነቃሽ ሴቶች ጥላሸት በጥብጠው፣ በመርፌ ወይም በእሾህ እየወጉ የልጃገረዶችን ግንባር፣ አንገትና ድድ ሲነቅሱ ኖረዋል፦ በግንባር ላይ መስቀል፣ በአንገት ዙሪያ ደርብ ደርብ መስመር፣ በድድ ላይ ደግሞ ጥርስን አንጥቶ የሚያሳይ ጠቆር ያለ ቀለም። በብዙ እናቶች አንገት ላይ መስመሩ እስከ እርጅና ሳይጠፋ መቆየቱ፣ እነዚያ እጆች ትክክለኛውን ጥልቀት ያለ ምንም መለኪያ ያገኙት እንደነበር ይመሰክራል።

መርፌውን በማሽን ማንቀሳቀስ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1876 ወረቀት እየበሳ ጽሑፍ ለማባዛት የሚረዳ የኤሌክትሪክ ብዕር አስመዘገበ፤ የኒው ዮርኩ ነቃሽ ሳሙኤል ኦራይሊ ያንን አሠራር ወደ ቆዳ አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1891 ለኤሌክትሪክ ንቅሳት ማሽን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ የመጣውና ዛሬም ብዙ አንጋፋ ባለሙያዎች የሚወዱት ማሽን ኮይል ይባላል። በላዩ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ሁለት የብረት ምሰሶዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ማግኔት ይሆኑና ከላያቸው ያለውን የብረት ምላስ ወደ ታች ይስቡታል፤ ምላሱም መርፌውን ይዞ ይወርዳል። በወረደበት ቅጽበት ግን ስፕሪንጉ ከንክኪው ብሎን ስለሚላቀቅ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ማግኔቱ ሲለቅ ስፕሪንጉ ምላሱን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ንክኪው ይገጥማል፤ ዙሩም እንደገና ይጀምራል። የድሮው የበር ደወል የሚጮኸውም በዚሁ መንገድ ነው። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ሊደጋገም ይችላል። ኮይል ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ይጮኻል፣ የስፕሪንጉንና የብሎኑን ልክ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል።

ሮታሪ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት በትንሽ ሞተር ይሠራል። በሞተሩ ዘንግ ላይ ከመሐል ወጣ ተደርጎ የተገጠመ ብረት ሲሽከረከር መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ይነዳዋል። ዛሬ በየታቱ ቤቱ የሚታየው ወፈር ያለ እስክሪብቶ የሚመስለው ማሽን ከዚህ ወገን ነው። ቀላልና ጸጥ ያለ ስለሆነ፣ ማስተካከያውም ጥቂት ስለሆነ ለጀማሪ የሚመረጠው ይኸኛው ነው። መርፌው ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው ርቀት ስትሮክ ይባላል፤ 3.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለው ለመስመርም ለጥላም ያገለግላል። ስትሮክ ግን ጥልቀት አይደለም። መርፌው ቆዳ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ የሚወስነው ከጫፉ ምን ያህል እንዲወጣ እንደተደረገና እጁ እንዴት እንደያዘው ነው። ፍጥነቱ የሚስተካከለው በቮልት ሲሆን ብዙዎቹ ማሽኖች ከ6 እስከ 9 ቮልት ባለው መጠን ይሠራሉ። ኃይሉ ከሚሰጠው ሳጥን በሽቦ ይመጣል፣ በእግር ፔዳልም ይበራል ይጠፋል፤ ባትሪ ያላቸው አዳዲሶቹ ግን ሽቦ አያሻቸውም። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጠው፣ ማሽኑንም ቀለሙንም መርፌውንም አንድ ላይ የያዘ ሳጥን ጀማሪን ይስባል፤ ቀለሙ ከየት እንደመጣ፣ መርፌው በምን እንደጸዳ ስለማይታወቅ ግን ቢቀር ይሻላል። አንድ ደህና ማሽን፣ ቮልቱ የማይዋዥቅ ኃይል ሰጪና ሦስት አራት ዓይነት መርፌ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

በማሽኑ ጫፍ የሚገጠመው ብዙውን ጊዜ በአንድነት የተበየዱ ቀጫጭን መርፌዎች ስብስብ ነው። በክብ ተደርድረው ጫፋቸው የተጠጋጋው ላይነር ሲሆን ለመስመር ያገለግላል፤ ክብ ሆኖ ላላ ያለው ሼደር ለጥላ፣ በሁለት ረድፍ ጠፍጠፍ ብሎ የተደረደረው ማግነም ደግሞ ሰፊ ቦታ ለመሙላት ነው። በማሸጊያው ላይ 1207 ተብሎ ቢጻፍ፣ 12 የእያንዳንዱ መርፌ ውፍረት 0.35 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ 07 ሰባት መርፌ መኖሩን ይናገራል፤ በ12 ፋንታ 10 ከሆነ ውፍረቱ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ካርትሪጅ የሚባለው መርፌውን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የያዘ ነው። ሲገዛ ውስጡ ስስ የጎማ መጋረጃ እንዳለው መረጋገጥ አለበት፤ ያ መጋረጃ ከሌለ ደምና ቀለም ወደ ማሽኑ ይመለስና ለሚቀጥለው ደንበኛ ይተላለፋል።

ቀለሙ በውሃ፣ በግሊሰሪንና በአልኮል የተበጠበጠ ደቃቅ ዱቄት ነው። ጥቁሩ አሁንም እንደ ጥንቱ ጥላሸት መሰል ካርቦን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ በሚገኙ በሺዎች በሚቆጠሩ ኬሚካሎች ላይ ገደብ ጥሏል፤ ስለዚህ የአምራቹ ስም፣ የይዘቱ ዝርዝርና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበት ጠርሙስ መከፈት የለበትም። ቀለምን በቧንቧ ውሃ ማቅጠንም ክልክል ነው። ንጹሕ የሚመስል ውሃ ሊጠጣ ይችላል፤ ከቆዳ ሥር ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በኒው ዮርክ ግዛት በሮቼስተር ከተማ 19 ሰዎች ከተነቀሱ በኋላ ቆዳቸው ላይ ሽፍታ ወጣባቸው፤ ምክንያቱ ሲፈለግ ቀድሞ ተበጥብጦ የተሸጠ ግራጫ ቀለም በባክቴሪያ የተበከለ ሆኖ ተገኘ።

ንጽሕና የሙያው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ንቅሳት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቁስሎችን የሚከፍት ሥራ ስለሆነ ኤችአይቪን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሄፓታይተስ ሲን ሊያስተላልፍ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ፣ በጠረጴዛ ወይም በመብራት ማብሪያ ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1961 ንቅሳትን የከለከለው ይኸው በሽታ በምክንያትነት ተጠቅሶ ነው፤ እገዳው እስከ 1997 ቆይቷል። ሙያውን የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የዚህን በሽታ ክትባት መውሰድ ይኖርበታል። መርፌ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ መቀቀልም በአልኮል መጥረግም ደግሞ ለመጠቀም አያበቃውም፤ ያገለገለው በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል። ቀለም ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንንሽ ኩባያ ተቀንሶ ይቀርባል፤ የተረፈው ይደፋል እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። ማሽኑ፣ ሽቦውና የሚረጨው ጠርሙስ በስስ ፕላስቲክ ይጠቀለላሉ። ጓንት ያጠለቀ እጅ ስልክ ከነካ ጓንቱ ይቀየራል፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው።

ልምምዱ የሚጀምረው ማሽን ከመግዛት በፊት፣ በእርሳስና በወረቀት ነው። ረጅም መስመር ሳይንቀጠቀጥ በወረቀት ላይ መሳብ የማይችል እጅ በሚንቀሳቀስ ቆዳ ላይ ሊስበው አይችልም። ከዚያ የሲሊኮን ቆዳ ይመጣል፤ ብርቱካንና ሙዝም ያገለግላሉ፤ ክብ ገጽ ላይ መሥራትን ያስተምራሉ፣ ሙዝ ደግሞ ሲጫኑት ስለሚቀደድ እጅን ያለዝባል። ሕያው ቆዳ የሚለጠጥ፣ የሚያብጥና የሚደማ በመሆኑ ግን እነዚህ ሁሉ ሙሉ በሙሉ አይተኩትም። በሰው ላይ የሚሰመረው የመጀመሪያው መስመር ልምድ ባለው ባለሙያ ዐይን ሥር ሊሆን ይገባል።

ሥራው ሲጀመር ቦታው በአዲስ ምላጭ ይላጫል፣ ይጸዳል፣ ሥዕሉም ወይን ጠጅ ቀለም ባለው የስቴንስል ወረቀት ይታተምበታል። ደንበኛው በተፈጥሮ አቋሙ ቆሞ መታተም አለበት፤ እጁን አጣምሞ የታተመ ሥዕል እጁ ሲዘረጋ ይጣመማል። እትሙ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ካልደረቀ በመጀመሪያው መጥረግ ይጠፋል። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ከታች በቀኝ በኩል ይጀምራል፤ እንዲህ ሲሆን እጁ ያልተሠራውን እትም አያበላሽም።

መስመር ሲሳብ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ማሽን ያልያዘው እጅ ነው። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ቆዳውን በሁለት አቅጣጫ ይወጥራሉ፤ ማሽኑን የያዘው እጅ ጠርዝ በሦስተኛው ይጎትታል። ያልተወጠረ ቆዳ ከመርፌው ሥር ስለሚሸሽ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። መርፌው ቀጥ ብሎ ወይም ትንሽ ዘንበል ብሎ ይገባል፤ እንቅስቃሴው ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከክንድ ይመጣል። የእጁ ፍጥነት ከማሽኑ ጋር መስማማት አለበት፤ እጅ ከፈጠነ መስመሩ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ከዘገየ ቆዳው ይታኘካል። ሲጠረግ ሶፍቱ በቀስታ ይጫናል እንጂ አይፈተግም። የረጋ ቀለም ሥር ብቅ የሚሉ ጥቃቅን የደም ነጥቦች የተለመዱ ናቸው፤ ደሙ ከበዛ ግን መርፌው አልፎ ሄዷል። መስመሩን ተከትሎ ብዥ ያለ ሰማያዊ ጥላ ከታየም ቀለሙ ስቡ ድረስ ወርዷል፤ የእጅ አንጓ ውስጠኛው ክፍልና ቁርጭምጭሚት ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ለዚህ በጣም ይጋለጣሉ። ጥላ ሲሠራ ማግነሙ በትንንሽ ክቦች ይንቀሳቀሳል፤ ወይም መርፌው እየተነሳ በመጥረግ ዓይነት እንቅስቃሴ ከጥቁር ወደ ቀላል ይወርዳል። አንድን ቦታ ደጋግሞ መመላለስ ጠባሳ ያተርፋል።

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሰው ከውጭ የሚመጡ ትምህርቶች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ ጉዳይ አለ። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚገኘው በላይኛው ሽፋን ነው፤ ንቅሳቱ ግን ከሥሩ ይቀመጣል። ስለዚህ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ማንኛውም ቀለም የሚታየው በሜላኒኑ ውስጥ አልፎ ነው። ቢጫና ነጭ ይደበዝዛሉ፤ ጥቁር፣ ደማቅ ቀይና ጥልቅ ሰማያዊ ግን ይወጣሉ። ቀለሙ አልታየም ብሎ ጠለቅ አድርጎ መውጋት ትልቁ ስሕተት ነው። ኬሎይድ የሚባለው ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳም በጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት ስለሚታይ፣ ደንበኛው ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጠባሳ ወጥቶበት እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው። የስኳር ሕመምተኛ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድና ነፍሰ ጡር ከሐኪም ሳይማከሩ አይነቀሱም፤ ማርያም የሳመችው በሚባለው የቆዳ ምልክት ወይም በእበጥ ላይም አይሠራም።

ሥራው ሲያልቅ ቦታው ታጥቦ በስሱ ይቀባና ይሸፈናል። ደንበኛው በንጹሕ እጅ፣ በለብታ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያጥበዋል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ መላጥና ማሳከክ ይጀምራል፤ ቅርፊቱ ከተቀረፈ ቀለሙ አብሮ ስለሚነሳ መታገስ ያስፈልጋል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ዋናም የቀትር ፀሐይም ይቀራሉ። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ መፍትሔው ጤና ጣቢያ ነው እንጂ ቅባት መጨመር አይደለም። ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚወስድ፣ የሳሳ መስመር ቢኖር የሚታረመው ከዚያ በኋላ ነው።