ወደ ትዝታ ሱቅ ስትሄዱ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ

ያለፈው ሳምንት የቤት ሥራ አለቀ ወይስ አሁን መኪና ውስጥ እየጨረሳችሁት ነው? ግድ የለም፣ አናሳብቅም።

ዛሬ ስለ አንድ ዓይነት ሱቅ እንጫወት። በሩን ስትከፍቱ ደወል ያቃጭላል። በአንድ በኩል የድሮ ስልክ፣ የቆርቆሮ መኪና፣ የሸክላ ማጫወቻ ተደርድሯል። በሌላ በኩል በየብልቃጡ ከረሜላ ሞልቷል። ወደ ውስጥ ዘለቅ ስትሉ ደግሞ ሳንቲም ካልጎረሱ የማይሠሩ የድሮ የጨዋታ ማሽኖች ቆመው መብራታቸውን ያብለጨልጫሉ። እንዲህ ያለውን ቦታ "የትዝታ ሱቅ" ብንለው ይስማማዋል። አሮጌ ነገር ማየት ለሚወድ ሰው በእኛ አካባቢ መሄጃ አይጠፋም። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ባለችው በኬንሲንግተን ያለው ሃዋርድ አቬኑ ለብዙ ዓመታት በአሮጌ ዕቃ ሱቆቹ ሲታወቅ የኖረ መንገድ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ደግሞ ኦልድ ታውን የሚባለው ሰፈር ራሱ ከ200 ዓመት በላይ የሆናቸው ቤቶች አሉት።

እንዲህ ያለ ሱቅ ስትገቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከልጆቹ ይልቅ የሚደሰቱት ትልልቆቹ ናቸው! "ይቺ እኮ ልጅ ሆኜ ነበረችኝ!" እየተባባሉ ይስቃሉ። የእናንተ እናትና አባት ግን ምናልባት ዝም ብለው ያያሉ። ለምን? ልጅነታቸው እዚህ አልነበረማ! ጎንደር ነበር፣ ደሴ ነበር፣ አዲስ አበባ ነበር።

ታድያ የሌላ ሰው ትዝታ ለእኛ ምን ያደርግልናል? መጠየቅ ካወቅን ብዙ ያደርግልናል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች እንስጣችሁ። በኪሳችሁ እንደ ኳርተር ይዛችኋቸው ግቡ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ጥያቄ፦ ይህ ነገር መጀመሪያ ለምን ተሠራ?

ከከረሜላው እንጀምር። ከረሜላና መድኃኒት ዘመዳሞች ናቸው ብንላችሁ ታምናላችሁ? ድሮ መድኃኒት ቀማሚዎች የመረረውን ነገር ሰው እንዲውጠው በስኳር ያጣፍጡት ነበር። እናንተንስ ጉንፋን ሲይዛችሁ ዝንጅብል በማር ያጠጧችሁ የለ? ያው ነው!

በ1847 ቦስተን ከተማ ውስጥ ከእንግሊዝ የመጣ ኦሊቨር ቼዝ የሚባል ሰው፣ በአፍ የሚመጠጥ ጠፍጣፋ ክኒን የሚቆርጥ ማሽን ሠራ። ከዚያ ማሽን ኔኮ ዌፈርስ የሚባለው ስስ ክብ ከረሜላ ተወለደ። ይህ ከረሜላ በ2018 መሠራቱ ቆሞ ነበር፤ በ2020 እንደገና ገበያ ላይ ወጣ። ፔዝንም ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ በ1927 ቪየና ውስጥ ሲጀመር የልጆች አልነበረም። ሲጋራ መተው ለሚፈልጉ ትልልቅ ሰዎች የተሠራ የናና ከረሜላ ነበር። አሻንጉሊት ጭንቅላት ያለው መያዣው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ ከገባ ወዲህ ነው።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ወላጆቻችሁን አሌክሳንድሪያ፣ ሳውዝ ፌርፋክስ ስትሪት ውሰዱን በሏቸው። እዚያ ስቴብለር-ሌድቢተር የሚባል የድሮ መድኃኒት ቤት አለ። ሥራ የጀመረው በ1792 ነው፤ አድዋ ከመሆኑ 104 ዓመት በፊት መሆኑ ነው! በ1933 አሜሪካ በኢኮኖሚ ችግር ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ተዘጋ። ደግነቱ ዕቃው አልተበተነም። ብልቃጡም፣ መሳቢያውም፣ መዝገቡም እንዳለ ቀርቶ ሙዚየም ሆነ። የፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ባለቤት ማርታ ዋሽንግተን በ1802 የጉሎ ዘይት እንዲላክላቸው ያዘዙበት ወረቀት ሳይቀር ተርፏል። አንዱ መሳቢያ ላይ ደግሞ "የዘንዶ ደም" ተብሎ ተጽፏል። አትደንግጡ! ከዛፍ የሚፈስ ቀይ ሙጫ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚሠራው?

አሁን ወደ ማሽኖቹ እንሂድ። ሳንቲሙን ከማስገባታችሁ በፊት እስቲ አንድ ጊዜ አስቡ። ማሽኑ ዓይን የለውም። ታድያ ኳርተሩን በምን ያውቀዋል?

ከማስገቢያው ጀርባ ጠባብ መንገድ አለ። ሳንቲሙ በዚያ ሲወርድ በመጀመሪያ ስፋቱ ይፈተናል። ትልቅ ከሆነ አይገባም፤ ትንሽ ከሆነ በጎን ሾልኮ ይወድቃል። ቀጥሎ ክብደቱ ይፈተናል። ኳርተር 5.67 ግራም ነው፤ ከዚያ የቀለለው ትንሿን ሚዛን ማዘንበል አይችልም። ከዚያ ደግሞ ማግኔት ይጠብቀዋል። አንድ ተንኮለኛ ልጅ የብረት ቁራጭ ቢያስገባ ማግኔቱ ይይዘዋል። ይህን ሁሉ ያለፈ ሳንቲም መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ ይነካል። ኤሌክትሪኩ ይገናኝና ጨዋታው ይጀመራል።

ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የአንበሳ ራስ ያለበት የኢትዮጵያ ሳንቲም አለ? እሱን ብታስገቡት ማሽኑ አይቀበለውም። (ይሰነቀራልና እንዳትሞክሩት!) የማይቀበለው ሳንቲሙ ውሸት ስለሆነ አይደለም። ማሽኑ ስለማያውቀው ብቻ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ፒንቦል የሚባለውን ጨዋታ እንይ። ጠረጴዛው ወደ እናንተ ትንሽ ያዘነበለ ስለሆነ የብረት ኳሷ ሁልጊዜ ወደ ታች መውረድ ትፈልጋለች። በ1871 ሞንታጉ ሬድግሬቭ የሚባል ሰው ኳሷን በስፕሪንግ የሚያስፈነጥር መግፊያ ሠርቶ በስሙ አስመዘገበ። ኳሷን መልሰው የሚመቱት ክንፎች ግን የመጡት በጣም ዘግይተው፣ በ1947 ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ኤሌክትሪክ በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ያልፍና ሽቦው ማግኔት ይሆናል፤ ዘንጉን ይስብና ክንፉ ይወረወራል። ጠረጴዛውን በኃይል ብትነቀንቁትስ? ውስጡ የተንጠለጠለች ትንሽ ፔንዱለም አለች። ስትወዛወዝ በዙሪያዋ ያለውን ቀለበት ከነካች "ቲልት!" የሚል መብራት ይበራል፤ ጨዋታችሁም አበቃ።

ደግሞ ይህ ጨዋታ ወንጀል የነበረበት ጊዜ አለ ብንላችሁስ? ኒውዮርክ ከተማ በ1942 ፒንቦልን ከለከለች። ቁማር ነው፣ የልጆችንም የምሳ ገንዘብ ይበላል ተባለ። ከንቲባው ማሽኖቹን በመዶሻ ሲሰብሩ ፎቶ ተነስተዋል። ክልከላው የተነሳው በ1976 ነው። እኛም አካባቢ በ2010 ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ውስጥ የፒንቦል ሙዚየም ተከፍቶ ነበር። ማሽኖቹን የሰበሰበው ሰው የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነበር። ሙዚየሙ በኋላ ወደ ባልቲሞር ተዛውሮ በ2013 ተዘጋ። አሮጌ ነገር የሚቆየው የሚይዘው ሰው ሲገኝ ነው።

ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ጨዋታስ? በ1972 ፖንግ የሚባለው ጨዋታ መጀመሪያ ለሙከራ ካሊፎርኒያ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ከጥቂት ቀን በኋላ ማሽኑ ተበላሸ ተብሎ ሲከፈት፣ የሳንቲም መያዣው ከአፉ እስኪፈስ ሞልቶ ተገኘ! ፓክማን ደግሞ በ1980 ከጃፓን መጣ። ቤት ውስጥ የሚጫወቱትን የቪዲዮ ጨዋታ የፈጠረው ራልፍ ቤር ግን እንደ ወላጆቻችሁ ስደተኛ ነበር። በ1938 ገና በ16 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ከጀርመን ሸሽቶ ኒውዮርክ ገባ። አይሁዳዊ ስለነበረ ትምህርት ቤቱ አባሮት ነበር። በ1960ዎቹ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር የሠራውን "ቡናማ ሣጥን" ለስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ሰጥቶታል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ እንዲጫወት የተፈቀደለት ማን ነበር?

ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። ግን እንድትጠይቁት እንፈልጋለን። ትዝታ ጣፋጩን ያስቀድማል፤ መራራውን ይደብቃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤልትዌይ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ስትሄዱ ግሌን ኤኮ የሚባል ፓርክ አለ። ድሮ ባቡርና መኪና መጋጫ፣ መዋኛ፣ በሳንቲም የሚሠሩ ማሽኖች የሞሉበት የመዝናኛ ቦታ ነበር። ከ1921 ጀምሮ እስከ ዛሬ የቆመ የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ አለው። ፈረስ ብቻም አይደለም፤ ጥንቸል፣ ሰጎን፣ ቀጭኔ፣ ነብርና አንበሳም አለበት። ሁሉም በእጅ የተጠረቡ ናቸው።

ነገር ግን ለብዙ ዓመታት እዚያ መግባት የሚችሉት ነጮች ብቻ ነበሩ። እንደ እናንተ ያለ ጥቁር ልጅ ሙዚቃውን ከአጥር ውጪ ሊሰማ ይችላል እንጂ ፈረሱ ላይ አይቀመጥም።

ሰኔ 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትኬት ይዘው ገቡና ፈረሶቹ ላይ ወጡ። የፓርኩ ዘበኛ መጥቶ ሎረንስ ሄንሪ የተባለውን ተማሪ "ዘርህ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀው። እሱም "የሰው ዘር ነኝ" ብሎ መለሰ። ከተማሪዎቹ አምስቱ ታሰሩ። ሌሎቹ ግን አልተበተኑም። ከፓርኩ አጠገብ ባንክበርን ከሚባለው ሰፈር ነጭ ጎረቤቶችም መጥተው አብረዋቸው ቆሙ። ብዙዎቹ አይሁዶች ነበሩ። በዚያ ሙቀት ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ሰልፍ ያዙ። በ1961 ፓርኩ ለሁሉም ሰው ተከፈተ። በ1964 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአምስቱ ላይ የተፈረደውን ሻረው። ከአምስቱ አንዷ ግዌንዶሊን ግሪን በኋላ የሜሪላንድ ሴናተር ሆናለች።

የመዝናኛ ፓርኩ በ1968 ተዘጋ። የእንጨት ፈረሱም ተሸጦ ሊሄድ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ግን 80 ሺህ ዶላር አሰባስበው መልሰው ገዙት። ስለዚህ ሙቀቱ ሲመጣ ሄዳችሁ ስትወጡበት ሁለቱንም አስታውሱ፦ ማን እንዳስቀረውና ማን እንደከፈተው።

እና የእኛስ ትዝታ?

አሁን ወደዚያ አንበሳ ወዳለበት ሳንቲም እንመለስ። ማሽኑ አላወቀውም። ቤታችሁ ውስጥ ግን የሚያውቀው ሰው አለ። 25 ሳንቲም ስሙኒ እንደሚባል፣ 50 ሳንቲም ሽልንግ እንደሚባል ይነግራችኋል። አባታችሁ ምናልባት በልጅነቱ ሰፈር ውስጥ ጆተኒ ተጫውቶበታል። ጆተኒ ማለት እዚህ ፉስቦል የምትሉት ነው፤ በዘንግ ላይ የተሰኩ ትናንሽ ሰዎች ኳስ የሚመቱበት። እናታችሁ ደግሞ ደስታ ከረሜላ ገዝታበት ይሆናል። በቆርኪ፣ በብይ፣ በገበጣ የተጫወቱትን ሳንጨምር ነው። እነዚህ ነገሮች ኬንሲንግተን ሱቅ ውስጥ አይገኙም። የሚገኙት ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ያ ሱቅ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይጠብቃችሁም። አያቶቻችሁ አንዳንዶቹ ሩቅ ናቸው፣ አንዳንዶቹ አርጅተዋል። እንግሊዝኛም ሁሉም አይናገሩም። የቅዳሜ ጠዋት እንቅልፋችሁን ትታችሁ አማርኛ የምትማሩት ለዚህም ጭምር ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ እንድትጠይቋቸው።

የቤት ሥራ

በዚህ ሳምንት አንድ ትልቅ ሰው ምረጡ። ስልክ ደውሉ፣ ወይም ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። "እማማ፣ ልጅ ሳሉ ሳንቲም ሲሰጥዎት ምን ይገዙ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። አባባ፣ አያቴ፣ እታለም፣ ጋሼ፣ ቤታችሁ እንደሚጠራው ጥሩ። "አንቺ" ወይም "አንተ" የምትሏቸው ከሆነም ያው ይሁን። ከዚያ ሦስቱን ጥያቄዎች ጨምሩ፦ ለምን ተሠራ? እንዴት ይሠራል? ማን ይፈቀድለት ነበር? ሴቶች ልጆች ጆተኒ ይጫወቱ ነበር ወይ ብላችሁም ጠይቁ። መልሱን በአማርኛ አምስት መስመር ጽፋችሁ ቅዳሜ አምጡ። አሮጌ ዕቃ ቤት ካለ አስፈቅዳችሁ አምጡትና ክፍል ውስጥ እናየዋለን።

የቃላት ፍቺ

ብልቃጥ - የመስታወት ጠርሙስ ወይም መያዣ
ቀማሚ - መድኃኒት የሚያዘጋጅ ሰው
ማሳበቅ - የሰውን ጥፋት ለሌላ መናገር
መሻር - ውሳኔን ማፍረስ፣ እንዳይሠራ ማድረግ
ትዝታ - ያለፈን ነገር በልብ ማስታወስ

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!