የአሮጌ ካምፐር ጩኸት ከየት ይገባል?

ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ሦስተኛው ትውልድ ቫን አዲስ አበባ ውስጥ የምናውቃት የትንሿ ቮልስ ዘመድ ነው፤ ሞተሩ እንደ እሷ ከኋላ ነው። ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት አልጋ፣ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ገጥሞለት የጉዞ ቤት አደረገው። አሜሪካኖች ቫናገን ይሉታል። ዛሬም ወዳጁ ብዙ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ከጎን ካለ ሰው ጋር ለመጨዋወት መጮህ ግድ ይላል።

ሹፌሩ የሚቀመጠው ልክ ከፊት ጎማዎቹ በላይ ነው። ሞተሩ ከኋላ ወለል ሥር ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ላሜራ ደግሞ ከሁለቱም ወገን የመጣውን ያስተጋባል።

ብዙ ሰው ድምፅ መከላከያ ገዝቶ ከላይ እስከ ታች ይለጥፋል። እኔ ከጎማ ጀምሩ እላለሁ። ዕድሜው የገፋ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ይደርቃል፣ ይጮሃል። ያለቀ ኩሽኔታም ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ ጉርምርምታ ያሰማል፤ መታጠፊያ ላይ ድምፁ ከተለወጠ ቶሎ ጋራዥ አስገቡት። ይህን ድምፅ በስፖንጅ ማፈን አደገኛ ነው።

ቀጥሎ ክፍተት። ተንሸራታቹን በር ወረቀት ላይ ዝጉና ወረቀቱን ሳቡት፤ ሳይያዝ ከወጣ የበሩ ጎሚኒ ሥራ አቁሟል። ከኋላ ምንጣፍ ሥር ያለውን የሞተር ክዳን ጎሚኒም እዩ። ከግድግዳው ስፋት መቶኛ እጅ ብቻ ክፍት ቢቀር፣ ሌላው የቱንም ያህል ቢወፍር ቅነሳው ከ20 ዴሲቤል ብዙም አያልፍም።

አሁን ላሜራውን በጣት አንኳኩት። ይጮሃል። መሃሉ ላይ አሉሚኒየም የለበሰ የቡቲል ቁራጭ ለጥፋችሁ ድገሙት፤ የሚጮህ ደወል ላይ እጅ እንዳረፈበት ድምፁ ጭጭ ይላል። ስለዚህ ሁሉንም መሸፈን አያስፈልግም፣ መሃሉ ይበቃል። ቡቲል ግን ንዝረትን እንጂ ከውጭ የሚመጣን ድምፅ አያግድም። ለዚያ ክብደት ያስፈልጋል፦ በወለሉና በጎማ ቤቶቹ ላይ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ በላይ ከባድ ቪኒል። የመጀመሪያው 1.6 ሊትር ሞተር ጉልበቱ 50 ፈረስ ብቻ ስለሆነ ዳገት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ይሰማዋል፤ ቪኒሉን ለእነዚህ ቦታዎች ብቻ ቆጥቡት።

በቡቲል ምትክ የጣራ ሬንጅ በርካሽ ይገኛል፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ይሸታል፣ ይለቃል። በሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች በምንም አትድፈኑ፤ ውሃው እዚያው ከቀረ በሩ ከውስጥ ይዝጋል።

የመንገዱ ጩኸት ሲቀንስ እስከዛሬ ተውጦ የነበረው የሳህንና የምድጃ ኳኳታ ይወጣል። በሳህኖቹ መካከል ጨርቅ፣ ከምድጃው ፍርግርግ ሥር የወፍራም ሱፍ ቁራጭ አድርጉ።