አካል ጉዳት፦ የሚባለውና እውነታው

መስማት የተሳነው ልጅ ያላቸው ወላጆች ደጋግመው የሚሰሙት ምክር አለ፦ «የእጅ ምልክት አታስለምዱት፤ ከለመደ በአፉ ሳይናገር ይቀራል።» በቅን ልብ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ልጅ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በዚያ ጊዜ ጆሮው ንግግር ካላደረሰው፣ እጁና ዓይኑም ከተከለከሉ፣ ያለ አንዳች ቋንቋ ያድጋል። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት ይገባና ጥያቄ መጠየቅን ራሱ ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ «አእምሮው ዘገምተኛ ነው» ይባላል፤ ይህ በጣም ያስቆጣኛል። ምልክት ቋንቋን ቀድሞ መልመድ ንግግርን አያግድም፤ ለማንበብና ለመጻፍም መሠረት ይሆናል።

ምልክት ቋንቋ እጅን እንደመጣ ማወናጨፍ የሚመስላቸውም አሉ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። የጣት ፊደሉ እንኳ ለፊደላችን የተሠራ ነው፦ የእጁ ቅርጽ «በ»ን ሲያሳይ፣ «ቡ» ይሁን «ቢ» የሚለየው እንቅስቃሴው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። ቤተሰብም ሊማረው ይገባል፤ ልጁ ክፍል ውስጥ ሲያወራ ውሎ ማታ ከእናቱ ጋር ማውራት ካቃተው ትምህርቱ ግማሽ ነው።

«ዓይነ ስውር ልጅ አይማርም» የሚለውን ደግሞ የራሳችን ታሪክ ያፈርሰዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔና ዜማ በቃል ስለሚሰጥ ዓይነ ስውራን ከእኩዮቻቸው ጋር ተምረው መምህር እስከመሆን ደርሰዋል። በሩ የጠበበው ትምህርቱ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲቀር ነው። መምህሩ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ ፈተናውም በብሬል ወይም በአንባቢ ቢሰጥ ብዙ ነገር ይለወጣል። በ5 ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ የሕግ ባለሙያ ሆና በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች።

አካል ጉዳት እርግማን ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው የሚባለው መልስ ካስፈለገው ማጅራት ገትር፣ ትራኮማ፣ በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥም የአየር እጥረት ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው። ልጁ ጸበል ይጠመቅ፤ ከሐኪምና ከትምህርት ቤት ግን አይለይ።

ቀጣሪዎች ዘንድ የሚሰማው «ብንቀጥረው ወጪ ይሆንብናል» የሚል ነው። ዓይነ ስውር ሠራተኛ ኮምፒውተር የሚጠቀምበት ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ በነፃ ይገኛል። ለብዙዎች ደግሞ የሚያስፈልገው ቢሮውን ምድር ቤት ማድረግ ወይም ስብሰባውን በጽሑፍ ማገዝ ነው። ቅጥሩም ምጽዋት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላገኘ አካል ጉዳተኛ አመልካች ቅድሚያ ይሰጣል፤ የሥራ ቦታውን የማመቻቸት ግዴታም በአሠሪው ላይ ይጥላል። አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ መነሻ ማስረጃ ላቀረበ ሰው፣ አለማዳላቱን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ይህን መብት የሚያውቁ ሥራ ፈላጊዎች ቢበዙ እወዳለሁ።

ለዊልቸር ስለሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ፣ ስለ ራምፕም አንድ ነገር ልበል። ለይስሙላ የተለጠፈ ቀጥ ያለ ራምፕ ዊልቸሩን ወደ ኋላ ያንሸራትታል። የተለመደው ልኬት ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው።

መንገድ ላይስ? ዓይነ ስውርን ክንዱን ይዞ መጎተት ወይም በትሩን መያዝ እርዳታ ይመስላል፤ ሰውየውን ግን አቅጣጫ ያስተዋል። መጀመሪያ «ልርዳዎት?» ብለው ይጠይቁ። ከፈቀዱ ክንድዎን ይስጧቸው፤ እርሳቸው ይያዙዎት፣ ግማሽ እርምጃ ቀድመው ይሂዱ፣ ደረጃ ሲደርሱም ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ይንገሯቸው።