ድሪያ በስድሳ አራት ነጥብ

በሶማሌ ክልል፣ አይሻ ሜዳ ላይ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ቀድሞ የሚታየው ቀለሙ ነው። ፊቱ ገና አይለይም። ወገብ ላይ የታሰረ ሽርጥ፣ በሂና የቀላ የሽማግሌ ጢም፣ ነፋስ የሚያውለበልበው ድሪያ የተባለው ሰፊ የሴቶች ቀሚስ ግን ከባቡር ሐዲዱ ማዶም ይታያል። ነፋሱም የዋዛ አይደለም፤ 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው እዚሁ ነው። መንገደኛው ሲቀርብ አካሄዱ ይለያል፣ ቀጥሎ ድምፁ ይሰማል፤ ፊቱ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

ይህን ያነሣሁት ልጆች በስልክ ስለሚጫወቱት ማይንክራፍት ለመናገር ብዬ ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ሰዎች መልካቸውና ልብሳቸው አሁን ካለው ይልቅ ረቀቅ ብሎ እንዲሳል ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? ክርክሩ ዓመታት አስቆጥሯል፤ ከአይሻ ሆኖ ሲታይ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ጂንስና ቲሸርት ለሚለብስ ልጅ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ሥዕል ሞልቷል። እናቷ የምትለብሰውን ድሪያ በጨዋታው ውስጥ ማየት የምትፈልግ ልጅ ግን ራሷ መሳል ይኖርባታል። ስለዚህ የመሳያው ገበታ ስፋትና ጥበት እሷን በቀጥታ ይነካታል።

ጨዋታውን ስዊድናዊው ማርከስ ፐርሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ አቀረበው። በ2014 ማይክሮሶፍት ኩባንያውን ሞጃንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2023 ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ተነገረ። ዓለሙ በሙሉ ከኩብ የተሠራ ነው፤ አፈሩ፣ ድንጋዩ፣ ዛፉ፣ ፍየሉም ሳይቀር። ሰውም ስድስት ሳጥን ነው፦ ራስ፣ ደረት፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር። በሳጥኖቹ ላይ የሚለበጠውን ሥዕል ልጆቹ ስኪን ይሉታል። የካርቶን ሳጥን ስፌቱ ተፈትቶ መሬት ላይ እንደሚዘረጋ ሁሉ ስኪኑም ተዘርግቶ በአንድ ገበታ ላይ ይሳላል። ገበታው 64 ነጥብ በ64 ነጥብ ነው፤ ነጥብ የምለው ባለሙያዎች ፒክስል የሚሉትን ነው። ፊት 8 በ8 ነው፤ በጠቅላላው 64 ነጥብ። አንድ ዓይን ሁለት ነጥብ ይደርሰዋል፤ አንዱ ለነጩ፣ አንዱ ለብሌኑ።

ገበታው እስከ 2014 ድረስ ከዚህም በግማሽ ያነሰ ነበር፤ 64 በ32። ያኔ የግራ እጅና እግር የራሳቸው ሥዕል አልነበራቸውም፤ የቀኙ ግልባጭ ነበሩ። ሽማግሌ በአንድ ትከሻው የሚጥለውን ጨርቅ ክንዱ ላይ ለማውረድ የሞከረ ሰው ሁለቱንም ክንድ ያለብሰው ነበር። በዚያ ዓመት ገበታው በእጥፍ ሲያድግ የግራው ከቀኙ ተለየ፤ ቀድሞ ራስ ላይ ብቻ የነበረው ከላይ የሚደረብ ሁለተኛ ሽፋንም ለሁሉም የአካል ክፍል ተዳረሰ። ሻሽን ከራስ እስከ ትከሻ ማውረድ የተቻለው በዚህ ነው። በስልክ የሚሠራው የጨዋታው ዓይነት ደግሞ እስከ 128 በ128 ይቀበላል። በኮምፒዩተር ብቻ የሚሠራው ግን 64 ላይ ቆሟል። ክርክሩ እንግዲህ ከዚህ በላይ ይኬድ እንደሆነ ነው፤ 256፣ 512፣ 1024 የሚሉ አሉ።

ፈቃድ የሚጠይቁት ሰዎች ነገር መሠረት አለው። የሽርጥን ጥልፍልፍ መስመር እንውሰድ። የአንድ እግር ሳጥን ከፊት ሲታይ ወርዱ 4 ነጥብ ብቻ ነው። በ4 ነጥብ ውስጥ አንድ ቋሚ መስመርና አንድ አግዳሚ ካሳለፍክ ጨርቁ አለቀ፤ ሁለተኛ ቀለም ልጨምር ካልክ ሽርጡ ዥጉርጉር ይሆንብሃል። በ128ቱ ገበታ ወርዱ 8 ይሆናልና ሽርጥ ሽርጥ መምሰል ይጀምራል። ደረት ላይ ፊደል ለመጻፍ ብትሞክርም እንዲሁ ነው፤ የደረቱ ወርድ 8 ነጥብ ስለሆነ ከግዕዝ ፊደል አንዱን እንደምንም ያስገባል እንጂ ስም አይጽፍም። ይህን የምለው ራሴ ደጋግሜ ሞክሬው ነው።

ከዚያ በላይ ሲወጣ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ምክንያቱ የሚታይና የሚቆጠር ነው። በጨዋታው ውስጥ አንድ ኩብ አንድ ሜትር ነው፤ የእያንዳንዱም ገጽ በ16 ነጥብ ይሳላል። ሰው ከእግር እስከ ራሱ 32 ነጥብ ሲሆን ቁመቱ ከሁለት ኩብ ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ የሰው ልብስና የአፈሩ ገጽ ሻካራነት እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም በአንድ ሜትር 16፣ 17 ነጥብ። ዓለሙ ከአንድ እጅ የወጣ የሚመስለው በዚህ ነው። 1024ቱ ገበታ የለበሰ ሰው በዚያ መካከል ሲቆም በአንድ ሜትር ከ270 ነጥብ በላይ ይኖረዋል፤ ሸካራ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፎቶግራፍ ይመስላል። የሸማኔን ጥለት ያየ ይህን ይረዳዋል። የጥለት መስቀል ጠርዙ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ድርና ማጉ በቆጠራ ስለሚሄድ ክብ መስመር አይሠራም። የሐረር ስፌትም በዙር ይቆጠራል። በዚያ ጥለት መካከል አንድ አበባ በፎቶ አትመህ ብትለጥፍ አበባው ሊያምር ይችላል፤ ጥለቱ ግን ፈረሰ።

ሁለተኛው ምክንያት ሸክሙ ነው። አንድ ነጥብ 4 ባይት ይይዛል፤ 64 በ64 ገበታ ሳይጨመቅ 16 ኪሎባይት፣ 128ቱ 64 ኪሎባይት፣ 1024ቱ 4 ሜጋባይት ይሆናል። በጋራ ሲጫወቱ የእያንዳንዱ ሰው ስኪን ወደ ሁሉም ስልክ መሄድ አለበት። 30 ልጆች አንድ ላይ ቢገቡ በአሁኑ ገበታ ግማሽ ሜጋ አይሞላም፣ በ128ቱ 2 ሜጋ ገደማ፣ በ1024ቱ 120 ሜጋ ነው። በመስመር ሲተላለፍ ተጨምቆ ያንሳል። ስልኩ ሊያሳየው ሲዘረጋው ግን ወደ ሙሉ መጠኑ ይመለሳል፤ በርካሽ ስልክ የሚጫወት ልጅ ላይ ጨዋታው የሚቆራረጠው እዚህ ነው። ፓኬጅ በሜጋ በሚገዛበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሌላውን ሰው የተራቀቀ ልብስ ለማየት የምትከፍለው አንተ ነህ፤ ለባሹ አልከፈለልህም። (በረቂቅ ገበታ ላይ ስድብና ነውር መሳል ይቀላል የሚለው ክርክርም አለ፤ እውነት ነው፣ ግን ለእኔ ዋናው እሱ አይደለም።)

ዋናው የሚስለው ማን ነው የሚለው ነው። የስድስቱ ሳጥኖች ገጽ ሲደመር 1,632 ነጥብ ይሆናል። ይህ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በጣቷ እየነካች በሁለት ከሰዓት ልትጨርሰው የምትችለው ሥራ ነው። ከስሕተቷም ትማራለች፤ ጉንጭ ላይ የሚቀመጠው ጥላ የት እንደሚገባ፣ ሦስት ብርቱካናማ ነጥብ አገጭ ላይ ሲደረደር ሽማግሌው ወዲያው እንዴት ብቅ እንደሚል ታያለች። በ1024ቱ ገበታ ያው አካል ከ417,000 ነጥብ ያልፋል። ያንን የሚሞላው የተማረ ሠዓሊ ከነመሣሪያው ነው። ገበታው እንደዚያ ሲሰፋ ልጆች ከመሳል ወደ መግዛት ይሄዳሉ፤ የሚሸጠውም ገዢ የበዛለት ልብስ ነው። የአይሻ ድሪያ በዚያ ገበያ ተራ እስኪደርሰው ድረስ ልጅቱ አድጋ ትጨርሳለች።

ከኩባንያው በኩል የተደረገ ጥረት የለም ማለት አይደለም። በ2022 መገባደጃ ለዓመታት ሁለት ብቻ በነበሩት በስቲቭና በአሌክስ ላይ ሰባት መደበኛ ሰዎች ተጨመሩ፤ ከነሱ መካከል ማኬና የኪኩዩ፣ ዙሪ የስዋሂሊ፣ ኑር የዐረብኛ ስም አላቸው። ኑር የሚለውን ስም ጂጂጋም አይሻም ውስጥ ማንም ያውቀዋል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ዘጠኙም የተሳሉት በዚያው በስድስት ሳጥን ላይ ነው። በስልኩ ዓይነት ደግሞ ከሳጥኑ የሚወጣ ቅርጽ ያላቸው ልብሶች ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጣሉ፤ በከፊል በነፃ፣ በከፊል በገንዘብ። ከዝርዝሩ መምረጥ መሳል አይደለም።

ከዚህ ላይ ነው ነጥብ ጨምሩልን የሚለው ጥያቄ ቦታውን የሳተ መስሎ የሚታየኝ። ድሪያን በ64ቱ ገበታ ሳልኩት፤ ቀለሙ ወጣ፣ የአንገቱ ጥልፍ በሁለት ረድፍ ነጥብ ወጣ፣ ሻሹም በሁለተኛው ሽፋን ፊቱን ከቦ ተቀመጠ። ለባሿ ቆማ ስትታይ ታምራለች። ስትራመድ ግን ቀሚሱ ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ቁራጭ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል። የተሳለው በሁለት እግር ላይ ስለሆነ ሱሪ ሆነ ማለት ነው። ሽርጡም ያው፤ አንድ ዙር ጨርቅ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ቱቦ ይሆናል። በ128 ሳልኩት፤ ያው ሱሪ፣ ጥልፉ ብቻ የረቀቀ። በ1024 ቢሳልም አይገጥምም። የጎደለው የጨርቁ አወራረድ ነው፤ አወራረድ ደግሞ ከቀለም አይመጣም፣ ከሳጥኑ ነው። ጨዋታው ይህን አያውቅም ሊባልም አይችልም፤ በራሱ መንደሮች የሚኖሩት ገበሬዎችና ነጋዴዎች እግራቸውን የሚሸፍን ረጅም ልብስ ለብሰው ነው የሚዞሩት። የመንደሩ ሰው የለበሰውን ተጫዋቹ አጣው።

ስለዚህ እኔ የምደግፈው ይህን ነው። 128ቱ ለኮምፒዩተሩም ይፈቀድ፤ ለሽርጡ ይጠቅማል፣ ሸክሙም ይቻላል። ከዚያ በላይ አይኬድ። በምትኩ አንድ ሰባተኛ ሳጥን ይጨመር፤ ከወገብ የሚወርድ፣ እግሮቹን አንድ ላይ የሚሸፍን፣ ሲራመዱ ከታች ገለጥ የሚል፣ ልጅ ራሷ የምትስለው ቀሚስ።

ለዚህ አዲስ ገበታ እንኳ አያስፈልግም። አሁን ባለው ገበታ ከ4,096ቱ ነጥቦች ሁለቱ ሽፋኖች የሚይዙት 3,264 ነው፤ 832ቱ ባዶ ናቸው። አብዛኛው ባዶ እዚህም እዚያም የተበታተነ ጥግ ነው፤ በቀኝ ጠርዝ ግን ወርዱ 8፣ ቁመቱ 32 የሆነ አንድ ወጥ መስመር ምንም ሳይሳልበት ተቀምጧል። 10 ነጥብ ወደ ታች የሚወርድ ቀሚስ ለፊቱ 8 በ10፣ ለኋላው 8 በ10፣ ለሁለቱ ጎኖች 4 በ10 እያንዳንዳቸው ይፈልጋል። ሁለቱን ጎኖች ጎን ለጎን አጋጥመህ ሦስቱን አንዱን ከአንዱ በታች ስትደረድራቸው 30 ረድፍ ይሆናል። ሁለት ረድፍ ይተርፋል። ከቀሚሱ በታችም በእግሩ ሳጥን ላይ ሁለት ነጥብ ይቀራል፤ ጫማ ለመሳል ይበቃል።