በእጅ የሚሠራ ገና

የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር በብዙ ቤት የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ «ዘንድሮ በምን እንዋል?» የሚል ነው። በግ ስንት ገባ? ዶሮስ? ቅቤስ? ለልጆቹስ ምን ይገዛ? አባት ዝም ይላል፤ እናት ከጎረቤት ትበደራለች፤ በዓሉ በአንድ ቀን ያልፍና ብድሩ እስከ ፋሲካ ይከተላል። ይህን የምንጽፈው በዓልን ለማናናቅ አይደለም። በዓል የማይገባበት ቤት ለልጅ ይጨልምበታል። ነገር ግን በጥቂት ገንዘብ፣ በቤት ባለው ዕቃ፣ ከሁሉ ይልቅ በልጆቹ በራሳቸው እጅ ቤትን የበዓል ቤት ማድረግ ይቻላል። ደግሞም እንዲህ ባለው ቤት ምንም የሌለው ጎረቤት ሳያፍር አብሮ ይቀመጣል።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር እናስቀድም። እንደሚታወቀው ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይሆናል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመናን ከኅዳር 15 ቀን ጀምረው እስከ በዓሉ ድረስ የነቢያትን ጾም ይጾማሉ። የልጆች ዝግጅት ግን በአጥቢያም በፕሮጀክትም አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጆች ከተጠሩ የሚቀርበው ሁሉ የጾም መሆን አለበት። ቅቤ የገባበት ዳቦ አቅርበን አንዱ ልጅ የሌሎቹን አፍ እያየ እንዲቀመጥ፣ ወይም ሳያውቅ በልቶ ቤቱ ሲገባ እንዲቆጡት ማድረግ የጋበዝነውን መጉዳት ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም ሥጋ በሌለበት የጾም ማእድ ያለ ሐሳብ አብረው ይበላሉ። እንግዲህ የጾም ማእድ ወጪው አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ብዙ ሰው ይይዛል።

ለእንዲህ ያለ ማእድ ዳቦ ቆሎን የሚያህል የለም፤ የሚሠሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸውና። አራት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የሚወድ ቤት ደግሞ ጥቂት በርበሬ ይቀላቀልና አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረበት ጠንከር ተደርጎ ይታሻል። ትንንሾቹ ሊጡን በንጹሕ ገበታ ላይ እያድቦለቦሉ ከጣት የቀጠነ ገመድ ያወጣሉ፤ ተለቅ ተለቅ ያሉት በሽምብራ መጠን ይቆራርጡታል። ምጣዱ ላይ በመካከለኛ እሳት እያገላበጡ ቡናማ እስኪሆን መቁላት ግን የእናት ወይም የታላቅ እህት ሥራ ይሁን። በደንብ ቀዝቅዞ በደረቅ ዕቃ ከተከደነ ብዙ ቀን ስለሚቆይ ከበዓሉ ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ ሊሠራ ይችላል። ንጹሕ ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልሎ አንድ አንድ እፍኝ ማሰር ነው፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ባዶ እጁን አይመለስም። ከዚህ ጋር የሱፍ ውሃ ወይም ሻይ ካለ ግብዣው ሙሉ ነው።

የቤቱን ጌጥ በተመለከተ ከሁሉ የሚያምረው ኮከብ ነው። አንድ ክንድ ያህል ርዝመት ያላቸው ዐሥር ቀጫጭን የመቃ ወይም የቀርከሃ እንጨቶች እኩል ተደርገው ይቆረጣሉ። እርሳስ ከወረቀት ሳይነሣ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ እንደሚሣል ሁሉ አምስቱ እንጨቶች ተሰካክተው ጫፍ ጫፋቸው በሲባጎ ይታሰራል። ሁለተኛውም እንደዚሁ ይሠራል። ሁለቱ ኮከቦች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው አምስቱ ጫፎቻቸው አንድ ላይ ከታሰሩ በኋላ፣ እንጨቶቹ በሚተላለፉባቸው በውስጥ ባሉት አምስት ቦታዎች በሁለቱ መካከል የጣት ርዝመት ያላቸው ስንጥሮች ይገባሉ። ያን ጊዜ ኮከቡ ሆዱ ይነፋል። በስስ ነጭ ወረቀት ይለበጥ፤ ወረቀቱ በጥቂት ዘይት ከታሸ ብርሃን ያሳልፋል። የእርድ ውሃ ቢጫ፣ የቀይ ሥር ውሃ ደግሞ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል። ሙጫው ከአንድ ሲኒ ዱቄትና ከአምስት ሲኒ ውሃ ይዘጋጃል፦ ዱቄቱን በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ በሚፈላው ውሃ ላይ እያማሰሉ መጨመርና እስኪወፍር መጠበቅ ነው። ለዚህ ለምግብ የማይሆን የወፍጮ ቤት ጥራጊ ይበቃል። ኮከቡ ውስጥ ግን ሻማ አይግባ፤ በመስኮት ተሰቅሎ የቤቱ መብራት ከበስተኋላው ይብራለት።

ለሥዕል ሥራ ምስርና ጤፍ በካርቶን ላይ እያጣበቁ ሥዕል መሥራትን የሚያስተምሩ የእጅ ሥራ መጻሕፍት አሉ። እኛ አንመክርም። እህል በቁና እየተሰፈረ ለተቸገረ በሚታደልበት ግቢ ውስጥ ልጅ እህልን ለጌጥ ሲያጣብቅ የሚያይ እናት ምን እንደምታስብ መገመት አያዳግትም። በምትኩ የገብስ ጭድ፣ የሰፌድ መስፊያው ስንደዶና አክርማ፣ ወይም የደረቀ የኮባ ቅጠል አለ። የኮባ ቅጠል ሲደርቅ ከቢጫ እስከ ጥቁር ቡናማ ብዙ መልክ ስለሚኖረው ያለ ቀለም ጎጆ፣ ተራራ፣ በግ፣ እረኛ ይወጣዋል። በአሮጌ ደብተር ሽፋን ላይ ተጣብቆ ከሥሩ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲጻፍበት ለአያት የሚላክ ካርድ ሆነ ማለት ነው። ማንበብ ለማትችል አያት ልጁ ራሱ ይዞ ሄዶ ያንብብላት።

በከተማ የገና ዛፍ የሚያቆም ቤት ብዙ ነው። ዛፍ ማቆም ግዴታ ነው የሚል ቃል የትም የለም፤ ልጆች ከወደዱት ግን እንዴት እንደሚደረግ እንይ። የሐበሻ ጽድ እድገቱ ዝግ ያለ የአገር ዛፍ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ጌጥ ቀንበጡን ከሥሩ መቁረጥ ያሳዝናል። ለአጥር የሚተከለው የፈረንጅ ጽድ ግን መከርከሙ ስለማይቀር ከክርክሚው ጥቂት ቅርንጫፍ በማሰሮ ውስጥ በአሸዋ ማቆም ይቻላል። ከዚህም የሚሻለው ከችግኝ ጣቢያ አንድ ችግኝ አምጥቶ በቆርቆሮ ጣሳ አፈር ውስጥ ማሳደግ ነው። ታኅሣሥ የበጋ ወቅት ስለሆነ ወዲያው አይተከልም፤ ልጆቹ እስከ ሐምሌ ውሃ እያጠጡ ይጠብቁትና ክረምት ሲገባ ይትከሉት። በየቅርንጫፉ በረዶ ነው ተብሎ የሚለጠፈው ጥጥ ነገር ግን ይቅር። በረዶው ከሌላ አገር የመጣ ልማድ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ጥጥና ሻማ አንድ ላይ ከሆኑ ቤት ለማቃጠል ደቂቃ አይፈጅባቸውም። እሳት ከተነሣ አይቀር ስለ ከሰልም እንጨምር። የታኅሣሥ ሌሊት በደጋ ብርድ ነው፤ ልጆች ሥራቸውን ሲሠሩ እንዲሞቃቸው ተብሎ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ማስቀመጥ ሽታ በሌለው ጭስ ቤተሰብን በሙሉ ተኝቶ እንዲቀር ያደርጋል። ከሰል ደጅ ይያያዝ፣ ደጅ ይደር።

ሸክላ ባለበት አካባቢ ግርግሙን፣ በጎቹን፣ አህያውንና ላሙን በጭቃ መሥራት ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው። ከጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ሠርተው ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር፤ አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ያን ያህል ጥበብ ባይኖረንም ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አብኩቶ፣ የተሠራውን በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ካደረግን አይሰነጠቅም። ምስል መሥራት ያስቸግረናል የሚል ቤተሰብ እንስሳቱን ብቻ ይሥራ። ግርግሙ ባዶ ሲሆን ልጆቹ ራሳቸው «የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ ያን ጊዜ ይነገራቸዋል።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የልደትን ታሪክ በድራማ ማሳየት ይወዳሉ። መጎናጸፊያው የአባት ጋቢና የእናት ነጠላ ነው፤ ሌላ ልብስ መግዛት አያስፈልግም። በገጠር ያሉት ልጆች ስለ እረኝነት ከመምህሩ ይልቅ ስለሚያውቁ በትራቸውን እንዴት እንደሚይዙ አናስተምራቸው። የሉቃስ ወንጌል የማረፊያ ቤቱን ባለቤት ባይጠቅስም ድራማ ሁሉ ያስገባዋል። ከቀዬው ተፈናቅሎ በመጠለያ ያደረ ልጅ በመካከላችን ካለ «ስፍራ የለም» የሚለውን ቃል ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ያን ቃል ለማን እንደምናስነግር፣ ማንንስ በር ላይ እንደምናቆም አስቀድመን እናስብ።

አሁን በተለይ ለፕሮጀክት ሠራተኞች የምንለው አለ። በየዓመቱ በብዙ ቦታ የሚታየው እንዲህ ነው፦ ልጆች ይሰለፋሉ፤ ስም ይጠራል፤ ስጦታ ይታደላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ወላጆች በአጥሩ በኩል ቆመው ያያሉ። ልጁ ያን ዕለት የሚማረው መልካም ነገር ከእናቱ ሳይሆን ከቢሮ እንደሚመጣ ነው። በ1977 ዓ.ም. የረሀብ ዘመን በእንግሊዝ አገር የታወቁ ዘፋኞች ለወገኖቻችን ገንዘብ ያሰባሰቡበት መዝሙር፣ ሰዎቹ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። ርዳታው ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ምስጋና ይገባዋል። ጥያቄው ግን በ4ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ጊዜ ክርስትናን ስለ ተቀበለ አገር የቀረበ ነበር። እኛም በግቢያችን ውስጥ እናትና አባት በዓል የማያውቁ ይመስል ተክተናቸው ልንቆም አይገባም።

በመሆኑም ስጦታው ከበዓሉ ሦስት ወይም አራት ቀን ቀደም ብሎ ሳይጠቀለል ከነመጠቅለያው ለወላጅ ይሰጥ። ወላጁ ቤቱ ወስዶ ይደብቀው፤ በዓሉ ጠዋት ልጁ ከእናቱ እጅ ይቀበል። ሒሳብ ሹሙ ፊርማ ከፈለገ ወላጁ በስሙ ትይዩ ይፈርማል፤ ፎቶግራፍ የሚጠብቅ ደጋፊ ካለ በጓሮ ገና የሚጫወቱ ልጆች ፎቶግራፍ ይላክለት። «ሸጠው ይበሉታል» የሚል ስጋት ሲነሣ ሰምተናል። ሸጦ ዱቄት የገዛ ወላጅ ቢኖር ቤቱ ዱቄት እንዳጣ ነገረን እንጂ አልሰረቀንም፤ በማግሥቱ ሄደን ቤቱን እንጠይቅ። ወላጅ የሌለው ልጅ ከአያቱ ወይም ከሚያሳድገው ሰው እጅ ይቀበል። ሌላም አለ፤ ከአንድ ቤት አንዱ ልጅ ብቻ በመዝገብ ሲሰፍር እርሱ ኳስ ይዞ ይገባል፣ ታናናሾቹ ባዶ እጃቸውን ያዩታል። ያንኑ ገንዘብ ለቤቱ በሙሉ በሚሆን ነገር፣ ለምሳሌ በብርድ ልብስ ወይም በፋኖስ ላይ ማዋል ይሻላል።

ቅርጫ የሚገቡ ቤተሰቦችም በዚህ ዓይነት ሊያስቡ ይችላሉ። ዐሥር ሰው በሬ ሲገዛ ዐሥራ አንድ መደብ ቢመደብ የእያንዳንዱ ድርሻ ብዙም አይቀንስም። ዐሥራ አንደኛው ለመለመን ለማይደፍረው ጎረቤት ይድረስ፤ ሐዘን የገባበት ቤት፣ በሽተኛ የያዘ ቤት፣ ባል የሌላት ሴት ቤት አይታጣም። ሲላክ ግን በትልቅ ሰው እጅ፣ ሰው ሳያይ ይሁን።

ከቀትር በኋላ ልጆች ወደ ሜዳ ይውጡ። እረኞች የምሥራቹን ሲሰሙ በበትራቸው ተጫወቱ እየተባለ የሚነገርለት የገና ጨዋታ ዋጋ የማያስከፍል ነው። ሁለት ቡድን፣ ጫፉ የጎበጠ ዱላ፣ ሰፊ ሜዳ ይበቃል፤ የሰው ቁጥር አይወሰንም። ሩሯ በጥንት ልማድ ከእንጨት ወይም ከቆዳ ትሠራለች፤ ለትንንሽ ልጆች ግን አሮጌ ካልሲ ጨርቅ ሞልቶ በሲባጎ ማጠንጠን ጥርስና ዐይን ያድናል። ዱላ ከጉልበት በላይ ማንሣት አይፈቀድ፤ ያነሣ ልጅ ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ ይቀመጥ። በዚህ ጨዋታ ጌታና አሽከር እኩል ይጋፉ እንደ ነበር ይነገራል፤ ስለዚህ የፕሮጀክቱ ኃላፊም ካፖርቱን አውልቆ ይግባ። ሴት ልጆችም ይጫወቱ፤ ውሃ የሚቀዳውና ሰሃን የሚታጠበው ከጨዋታው በኋላ በሁሉም እጅ ይሁን። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዱላዎቹ ተቆጥረው ይሰብሰቡ፤ ኮከቡም አቧራው ተራግፎ ከአይጥ በራቀ ቦታ ይሰቀል፤ ወረቀቱ ብቻ ከታደሰ ለከርሞም ያገለግላል።